ቤት ውስጥ ስነዳ 20 ዋት የት ይገባል?

ይህን ጥያቄ በብስክሌት ነጂዎች የኢንተርኔት መድረክ ላይ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ክሩ፣ ማለትም የምላሾቹ ሰንሰለት፣ ሲረዝም ከላይ እስከ ታች የሚያነበው ሰው እየቀነሰ መጣ። በኋላ የገቡት ደግሞ መጀመሪያ ላይ መልስ ያገኘውን ነገር እንደ አዲስ መጠየቅ ጀመሩ። ስለዚህ የተባለውን በራሴ አባባል፣ በምላሽ ቁጥሩ እያልኩ፣ እዚህ ሰብስቤዋለሁ። አንዳንዱን ዘልያለሁ፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ቆየት ብያለሁ።

መነሻው ይህ ነው። ዝዊፍት ቤት ውስጥ የሚነዳን ሰው ስክሪን ላይ ባለ መንገድ የሚያስኬድ አፕ ነው። እሱ ላይ አልፕ ዱ ዝዊፍት (ባጭሩ አልፕ) የሚባለውን ዳገት ወጣሁ። መንገዱ ፈረንሳይ ውስጥ ካለው ከአልፕ ዱዌዝ ተቀድቶ የተሠራ ነው። 12.2 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከእግሩ እስከ ጫፉ 1,036 ሜትር ያስወጣል፤ 21 መታጠፊያ አለው። ዳገቱ በአማካይ 8.5 በመቶ ነው። 71 ደቂቃ ፈጀብኝ። ትሬነሩ፣ ማለትም ብስክሌቱን በቦታው አቁሞ የሚያስነዳው መሣሪያ፣ ያሳየኝ አማካይ ኃይል 205 ዋት ነበር። ስጨርስ ከብስክሌቱ ወርጄ ወለሉ ላይ ተዘረርኩ።

ውጭ መንገድ ላይ ግን ለአንድ ሰዓት ያህል ዳገት ስወጣ፣ ፔዳሌ ላይ ያለው የኃይል መለኪያ ከ225 እስከ 230 ዋት ያሳየኛል። ያኔ ደግሞ እንዲህ አልሞትም። እግሩ ያው የእኔ ነው፤ ሳንባውም ያው ነው። ታዲያ 20 ዋቱ የት ገባ? የሚዋሸው ትሬነሩ ነው ወይስ ፔዳሉ? ብዬ ጠየቅሁ። እኔ 72 ኪሎ፣ ብስክሌቴ 8 ኪሎ መሆኑንም ጨመርኩ። ይህችን ነገር መጻፌ በኋላ ጠቀመኝ።

ምላሽ 1 ላይ የመጣው ሰው ትሑት ነበር። ሰላምታውን አስቀድሞ ሁለት ነገር ጠየቀ። ትሬነሩ የኋላ ጎማ ሲሊንደር ላይ የሚጫንበት ዓይነት ነው ወይስ ጎማው ተፈቶ ካቴናው በቀጥታ የሚገባበት? ለመጨረሻ ጊዜ ካሊብሬት ያደረግኩትስ (ልኬቱን ያስተካከልኩትስ) መቼ ነው? በምላሽ 2 እውነቱን ተናገርኩ። ጎማው የሚፈታበት ዓይነት ነው፤ ካሊብሬት ግን ከገዛሁት ጀምሮ አድርጌው አላውቅም።

ምላሽ 3 ልዩነቱን አብራራ። ጎማ የሚጫንበት ትሬነር ላይ ጎማው ሲሞቅ ግፊቱ ይለወጣል፤ አንዳንዴም ይንሸራተታል። ስለዚህ ቁጥሩ ከቀን ቀን ይዋዥቃል። ጎማ የሚፈታበት የተሻለ ነው፤ አምራቾቹም ስህተቱ ከ1 ወይም ከ2 በመቶ አይበልጥም ይላሉ። ቢሆንም 10 ደቂቃ ያህል ነድቶ ማሞቅና ካሊብሬት ማድረግ ያስፈልጋል ብሎ መከረኝ። ነገሩ ቀላል ነው። ፍጥነቱን ከፍ ታደርጋለህ፣ ከዚያ ፔዳል መምታት ታቆማለህ፤ መሣሪያው ለመቆም የፈጀበትን ጊዜ ይለካል። በዚያው ምሽት ሞከርኩት። የተለወጠው 3 ዋት ቢሆን ነው።

ምላሽ 4 አጭር ነበር። ፔዳሌ የተበላሸ እንደሆነና ልጥለው እንደሚገባ ነገረኝ። ምክንያት አልሰጠም። ይህ ሰው በኋላ ይመለሳል፤ ያኔ ግን የሚረባ ነገር ይዞ ነው።

ከዚያ ምላሽ 5 መጣ። ከሁሉም በላይ ያከበርኩት እሱን ነው። ማንንም ሳይነቅፍ ቁጭ ብሎ አሰላው። እኔና ብስክሌቱ 80 ኪሎ ነን። 80 ኪሎ በ1,036 ሜትር ከፍ ለማድረግ 813 ሺህ ጁል ገደማ ያስፈልጋል። በ205 ዋት ስንገፋ ይህ ብቻውን 66 ደቂቃ ይፈጃል። የቀረውን 5 ደቂቃ የጎማው ፍትጊያና አየሩ ይወስዱታል። ድምሩ 71 ደቂቃ ይሆናል። ልክ እኔ የጻፍኩት ሰዓት! አፑ የተቀበለውን ዋት በትክክል ወደ ጊዜ ቀይሮታል ማለት ነው። ትሬነሩ የላከው ዋት ትክክል ነው ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ እንደሆነ ሳይሸፍን ተናገረ። አክሎም በ228 ዋት ብወጣ 64 ደቂቃ እንደሚፈጅብኝ፣ ከአንድ ሰዓት በታች ለመግባት ደግሞ 242 ዋት ገደማ እንደሚያስፈልገኝ አሳየኝ። ይህም ለእያንዳንዱ የሰውነቴ ኪሎ 3.4 ዋት ያህል ነው። ለብዙ ሰው አልፕን ከሰዓት በታች መውጣት ትልቅ ሕልም ነው። ዋጋው ስንት እንደሆነ በቁጥር ያየሁት ያን ቀን ነው።

ምላሽ 6 ስሌቱን አድንቆ አንድ ነገር አነሳ። እውነተኛው አልፕ ዱዌዝ ጫፉ ከባሕር ወለል 1,850 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ አየሩ ይሳሳል፤ ሰውም ኃይሉ ይቀንሳል። ቤት ውስጥ ግን ስክሪኑ የቱንም ያህል ከፍታ ቢያሳይ የምንተነፍሰው የክፍላችንን አየር ነው። ስለዚህ የቤቱ ቁጥር ከፍ ማለት ነበረበት እንጂ ዝቅ ማለት አልነበረበትም አለ። ክርክሩ ትክክል ነው። ግን ምላሽ 7 እንዳረመው፣ እኔ ውጭ የምወጣው ዳገት ከፍተኛ ቦታ ላይ ነው አላልኩም፤ አይደለምም። ይኸው 7ኛው ሰው ስለ እውነተኛው ተራራ ትንሽ አወራ። መታጠፊያዎቹ ቁጥር አላቸው፤ 21 የሚጀምረው ከታች ነው፣ 1 ጫፉ አጠገብ ነው። በየመታጠፊያው ቱር ደ ፍራንስ እዚያ ሲወጣ የዕለቱን ውድድር ያሸነፉ ሰዎች ስም ተለጥፏል። ቱሩ መጀመሪያ እዚያ የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ሲሆን ያሸነፈውም ጣሊያናዊው ፋውስቶ ኮፒ ነው። ከጥያቄዬ ጋር አይገናኝም፤ ግን ደስ ብሎኝ አነበብኩት። ቀጥሎ ስወጣ መታጠፊያዎቹን ወደ ታች እየቆጠርኩ ነው የወጣሁት፤ ረድቶኛል።

ምላሽ 8 የመጀመሪያውን ቁራሽ አገኘልኝ። ፔዳሉ የሚለካው እግሬ የሰጠውን ነው። ትሬነሩ የሚለካው ደግሞ በካቴናና በማርሽ አልፎ የደረሰውን ነው። መንገድ ላይ ከ2 እስከ 4 በመቶ ያህሉ ይጠፋል፤ ካቴናው ከቆሸሸ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ የፔዳልን ቁጥር ከትሬነር ቁጥር ጋር ማወዳደር ከመነሻው ትክክል አልነበረም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ቅዳና አወዳድራቸው አለኝ። ቀዳሁ። ፔዳሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 6 ዋት ገደማ ከፍ ብሎ ሄደ፤ ልዩነቱ አልተንቀሳቀሰም። ይህ ልቤን አሳረፈው። ሁለቱም መሣሪያዎች ደህና ናቸው፤ የሚለኩበት ቦታ ነው የተለያየው። ከ20ው ዋት 6ቱ መጀመሪያውኑ አልጠፋም ነበር። 14ቱ ግን አሁንም የሉም።

ምላሽ 9 ላይ ቤት ውስጥ መንዳት የጀመሩት ስክሪን የሚባል ነገር ሳይኖር፣ በሚሽከረከሩ ሲሊንደሮች ላይ እንደሆነ የነገሩን አንድ ትልቅ ሰው ገቡ። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው የጻፍንላቸው። የጻፉት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ስንት ቬንትሌተር አለህ? አንድ፣ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ፣ መስኮቱም ዝግ ነው ብዬ በምላሽ 10 መለስኩ። ሌላ ምንም አልጻፉም። የሳቅ ምልክትም አላደረጉም። ዝም ብለው መልሴ ላይ ላይክ አደረጉ።

የጋሼን ጥያቄ ምላሽ 11 ዘርዝራ ተረጎመችልን። ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ እንድታነቡት እፈልጋለሁ። ሰውነታችን ከሚያቃጥለው ጉልበት ወደ ፔዳል የሚደርሰው ከአምስት አንድ እስከ ከአራት አንድ ያህሉ ነው። የቀረው ሙቀት ይሆናል። 205 ዋት ፔዳል ላይ ስሰጥ 700 ዋት ገደማ ሙቀት አመነጫለሁ። አንዲት የማሞቂያ ምድጃ ዝግ ክፍል ውስጥ ለ71 ደቂቃ ተለኩሳለች በሉት። ውጭ ላይ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየተጎተትኩ ዳገት ብወጣ እንኳ ነፋስ አለ። ነፋሱ ላቡን ያደርቀዋል። ሰውን የሚያቀዘቅዘው የሚደርቀው ላብ ነው። ወለል ላይ የሚንጠባጠበው ላብ ውሃ ከማባከን በቀር ለማቀዝቀዝ አይረዳም። ያን ጊዜ ሰውነት ሌላ መላ ይፈልጋል። ደሙን ወደ ቆዳ ይልካል። ለእግር የሚተርፈው ይቀንሳል፤ ልብም ያንኑ ሥራ ለመሥራት ቶሎ ቶሎ ትመታለች።

ከዚያም የልብ ምቴን እንድመለከት አዘዘችኝ። የመጀመሪያውን 20 ደቂቃና የመጨረሻውን 20 ደቂቃ አወዳድር አለችኝ። ከፍቼ አየሁት። መጀመሪያ 158 ነበር። መጨረሻ ላይ 174 ደርሷል። ዋቱ ደግሞ በዚያው ልክ ሲወርድ ይታያል። ልቤ እየሮጠች እግሬ እየደከመ ነበር። መረጃው ስልኬ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ሰዓቱንና ዋቱን ብቻ ስመለከት ከርሜያለሁ።

እስከዚህ ድረስ ክሩ የሚያስደስት ነበር። ምላሽ 12 አየሩን ለወጠው። ይህ ሰው የመጣው ለመጣላት ነው። ይህ ሁሉ የልጆች ጌም እንደሆነ፣ ስክሪን ፊት የተቀመጠ ሰው ብስክሌት ነጂ ነኝ ማለት እንደማይችል፣ ዝናብና ነፋስ የፈራ ሰው ቤቱ ይቀመጥና ዝም ይበል ዓይነት ነገር ጻፈ። ተናደድኩ፤ አልደብቅም። ምላሽ 13 ደግሞ ከእሱ የባሰ ስድብ ይዞ መጣ። እኔን ለመከላከል ብሎ እንደሆነ ይገባኛል። ግን የሰውን ቤተሰብ አንስቶ መስደብ ምንንም አይከላከልም፤ ይህንንም እዚያው ጽፌለታለሁ።

ለ12ኛው ሰው የመለሰችለት ምላሽ 14 ናት። ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ነው የጻፈችው። የሰባት ወር ልጅ አላት። ልጁ ሲተኛ አንድ ሰዓት ታገኛለች፤ አንዳንድ ቀን 40 ደቂቃ። ከቤት መውጣት አትችልም። ትሬነሩ ከሕፃኑ ክፍል በር አጠገብ ነው ያለው፤ አንዱ ጆሮዋ ላይ የስክሪኑን ድምፅ ትሰማለች፣ ሌላኛውን ለልጁ ክፍት ትተዋለች። ከመውለዷ በፊት በየሳምንቱ ረጅም መንገድ ትነዳ ነበር። ከወለደች በኋላ ለአራት ወር ፔዳል አልነካችም። የመጀመሪያውን ቀን ስክሪኑ ላይ ያለው መንገድ ወደ ባሕሩ ዳር ሲወርድና ሌሎች ነጂዎች በአጠገቧ ሲያልፉ እንባዋ እንደመጣ ጻፈች። እነዚያ ነጂዎች የትም አገር ይሁኑ፣ በዚያ ቅጽበት ፔዳል የሚመቱ እውነተኛ ሰዎች ናቸው። ያን ቀን ወደ ሰው የተመለስኩ መሰለኝ ትላለች። ይህን ምላሽ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ለ12ኛው ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ ማንም ሊሰጠው አይችልም ነበር።

ምላሽ 15 አበረታታት። ምላሽ 16 የማቲው ሄይማንን ታሪክ አመጣ። አውስትራሊያዊው ባለሙያ ብስክሌተኛ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 በየካቲት መጨረሻ ውድድር ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። መንገድ ላይ መውጣት ስላልቻለ ቤቱ ውስጥ ትሬነር ላይ፣ ዝዊፍት ላይ ሰዓታት እየነዳ ከረመ። ስድስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ፓሪስ ሩቤ የሚባለውን ውድድር አሸነፈ። የድንጋይ ንጣፍ መንገዱ አጥንት የሚፈታ፣ ከውድድሮች ሁሉ ጨካኙ ከሚባሉት አንዱ ነው። ምላሽ 17 እና 18 የሉም፤ አወያዩ አጥፍቷቸዋል። ምን እንደነበሩ ስላየሁ መጥፋታቸው ትክክል ነው እላለሁ።

12ኛው ሰው በምላሽ 19 ተመለሰ። ለእናትየው ይቅርታ ጠየቀ፤ ይህን ማድረጉን ልመስክርለት። ግን አቋሙን አልለቀቀም። ለልምምድ ይሁን፣ ውድድር ነው ማለት ግን አይቻልም አለ። ከዚህ በኋላ ክሩ ከጥያቄዬ ሙሉ በሙሉ ወጣ። ምላሽ 20 ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት በ2020 የመጀመሪያውን የኢ-ስፖርት (ስክሪን ላይ የሚደረግ ውድድር) የዓለም ሻምፒዮና እንዳካሄደ አስታወሰ። በሴቶች የደቡብ አፍሪካዋ አሽሊ ሙልማን ፓሲዮ፣ በወንዶች ጀርመናዊው ጄሰን ኦስቦርን አሸነፉ። ኦስቦርን ያኔ በዋነኛነት የጀልባ ቀዘፋ ስፖርተኛ ነበር። 12ኛው ሰው ይህንኑ ይዞ ተነሳ፤ ቀዛፊ ያሸነፈበት የብስክሌት ውድድር ምን ዓይነት ነው ሲል። 5ኛው ግን ነገሩን ገለበጠው። ትልቅ ጉልበት ያለው ሰው ማን እንደሆነ ያለ ቡድን እርዳታ የሚያሳይ ቦታ ተገኘ ማለት ነው እንጂ፣ ያን ሁሉ ዋት ስክሪኑ አልሰጠውም አለ። እኔ ከ5ኛው ጋር ነኝ። ኦስቦርን በኋላ ከባለሙያ የመንገድ ቡድን ጋር መፈረሙም ብዙ ይናገራል።

ማጭበርበር የተነሳው በምላሽ 21 ነው። ክብደታቸውን አሳንሰው የሚጽፉ ሰዎች ዳገት ላይ እንደሚያልፏት አማረረች። እውነቷን ነው። 5ኛው እኔን ምሳሌ አድርጎ አሰላው። 72 የሆነውን ሰው 67 ኪሎ ብሎ ቢጽፍ፣ በዚያው 205 ዋት አልፕን ከ4 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ይጨርሳል። አንድም ተጨማሪ ላብ ሳያፈስ! ምላሽ 22 የ2019ኙን የብሪታንያ ጉዳይ አነሳ። የአገሪቱ የመጀመሪያ የኢ-ውድድር ሻምፒዮን ማዕረጉን ተነጥቆ ለስድስት ወር ታግዷል። የተከሰሰበት ነገር እዚያ ጌም ውስጥ ብዙ በመውጣት ብቻ የሚገኘውን ብስክሌት በኮምፒውተር ፕሮግራም አማካኝነት በማግኘቱ ነው። ያንን ብስክሌት ለማግኘት 50 ሺህ ሜትር ዳገት መውጣት ያስፈልጋል። በእግራቸው የወጡት ስንት ወር እንደለፉ የሚያውቅ ሰው ቅጣቱ በዛ አይልም። 23 እና 24 ስለዚሁ ተጨቃጨቁ፤ የተለየ ነገር የለውም።

ክሩን ወደ ቤቱ የመለሰችው ምላሽ 25 ናት። ጠቃሚነቷ ከ11ኛዋ አያንስም። ትሬነር ዲፊከልቲ የሚባለውን ማስተካከያ ስንት ላይ እንዳደረግኩት ጠየቀችኝ። ለማያውቀው ሰው ላብራራ። ይህ ቁጥር ከ0 እስከ 100 ነው። ሳትነካው መሀል ላይ ነው የሚገኘው። ስክሪኑ 8 በመቶ ዳገት ሲያሳይህ 50 ላይ ከሆነ እግርህ የሚሰማው 4 በመቶ ነው። እኔ 100 ላይ አድርጌዋለሁ አልኳት። ዝቅ ማድረግ ማታለል መስሎኝ ነበር።

ምላሽ 26 ወዲያው ደግፎኝ ዝቅ የሚያደርጉትን ሁሉ አጭበርባሪ ብሎ ጠራቸው። 25ኛዋ በትዕግሥት አረመችው። አፑ ፍጥነትህን የሚያሰላው ከዋትህና ከክብደትህ ነው። 205 ዋት ከሰጠህ 0 ላይም ብትሆን 100 ላይም ብትሆን አልፕ ላይ 71 ደቂቃ ይፈጅብሃል። የሚለወጠው የትኛውን ማርሽ እንደምትጠቀም ብቻ ነው። ልክ የኋላ ማርሽህን ሰፋ ባለ ማርሽ እንደመቀየር ነው። 26ኛው አላመነም። ሦስት ጊዜ ተመላልሰው፣ በመጨረሻ ራሱ ሞክሮ ሲያየው ዝም አለ።

ለእኔ ግን መልሱ እዚህ ውስጥ ነበር። የመጨረሻው ቀላል ማርሼ ከፊት 34፣ ከኋላ 28 ጥርስ ነው። በሰዓት 10.3 ኪሎ ሜትር ስወጣ ፔዳሉን በደቂቃ 67 ጊዜ ያህል ነው የማዞረው። ዳገቱ ሲብስ 55 ይወርዳል። ውጭ የምወጣቸው ዳገቶች 5 እና 6 በመቶ ስለሆኑ 80 ነው የለመድኩት። ምላሽ 27 ይህን አጠናከረ። ትሬነር ውስጥ ፍላይዊል የሚባል ከባድ ብረት ይሽከረከራል። ፔዳሉ ከላይና ከታች ሲደርስ እግር ኃይል የማይሰጥባትን ቅጽበት የሚያሻግርህ እሱ ነው። በቀላል ማርሽ ቀስ ስትል ብረቱም ቀስ ይላል፤ አያሻግርህም። እያንዳንዱን ዙር ከባዶ እንደመግፋት ነው። ጭቃ ውስጥ የነዳሁ ያህል የተሰማኝ ለካ በዚህ ነው።

ከ28 እስከ 33 ያለው ተበታተነ። አንዱ ታች ያሉ ጎረቤቶች በንዝረቱ እንደተማረሩበት ተናገረ፤ ወፍራም ምንጣፍ አንጥፍ ተባለ። አንዲት ሴት መቀመጫዋ ለምን ቤት ውስጥ ብቻ እንደሚያማት ጠየቀች። ብስክሌቱ ስለማይወዛወዝና ፔዳል መምታት የሚቋረጥበት ጊዜ ስለሌለ ነው፤ በየ10 ደቂቃው ብድግ በይ አሏት። ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ አደራ እላለሁ። ላብ ጨው ነው። መሪው ሥር ያሉ ብሎኖች ላይ እየተንጠባጠበ ይበላቸዋል፤ ከላይ አይታይም። መሪው ላይ ፎጣ ጣሉ፤ በጨረሳችሁ ቁጥር በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። 32ኛው ሰው መሪው የተነቀለበት ውጭ መንገድ ላይ፣ ቁልቁለት ላይ ነው። በሕይወት የተረፈው በአጋጣሚ ነው።

በምላሽ 34 ውጤቴን ይዤ ተመለስኩ። ሁለት ትልልቅ ቬንትሌተር፣ መስኮቱ ክፍት፣ ዲፊከልቲው 50 ላይ። ከመነሳቴ በፊት ካሊብሬት አደረግኩ። አማካይ ኃይል 219 ዋት፤ ሰዓቱ 66 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ። ፔዳሉ 225 አሳየ። የልብ ምቴ 160 ጀምሮ 166 ላይ አለቀ። ስወርድ ቆሜ ነበር። በደስታ ጮኼ ነው የጻፍኩት፤ ብዙ ሰው አብሮኝ ተደሰተ። 14ኛዋ እናት ልጇ እንደተኛ በዚያው ደቂቃ ላይክ አደረገች።

ምላሽ 35 ላይ ያ 4ኛው ሰው መጣ። አንድ ጊዜ ሞክሮ ተሳካ ማለት አይቻልም አለ። ደህና ተኝተህ ይሆናል፤ መንገዱን ስለለመድከው ጉልበትህን በደንብ አከፋፍለህ ይሆናል፤ ደግሞስ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ለውጠህ የትኛው እንደረዳህ እንዴት ታውቃለህ? አነጋገሩ ይቆረቁራል። ግን ልክ ነው። 5ኛውም ተስማማ፤ ቬንትሌተሩን እንዳለ ትተህ ዲፊከልቲውን ወደ ድሮው መልሰው አለኝ። ከሳምንት በኋላ ዲፊከልቲውን 100 አድርጌ በሁለቱ ቬንትሌተር ብቻ ወጣሁ። 215 ዋት ሆነ። በ37 ጻፍኩት። ከጠፋው 14 ዋት 10 ያህሉን ነፋሱ መልሶታል፤ 4ቱ የማርሹ ነው። አንድ ሙከራ እንደሆነ አውቃለሁ። ለ4ኛው ሰው ግን አመስግኜዋለሁ፤ እሱም ተቀበለ።

38ኛው ቬንትሌተሩን ወደ ትሬነሩ አጠገብ ሲያቀርበው ብሉቱዙ እየተቆራረጠ እንዳስቸገረው ተናገረ። ራቅ አድርጎት ስልኩን ሲያቀርበው ተስተካከለለት። 39ኛው ኤቨረስቲንግ ልሞክር ነው አለ፤ የኤቨረስት ተራራን ከፍታ እስኪሞላ ድረስ አንድ ዳገት ደጋግሞ መውጣት ነው። 8,848 ሜትር ለመሙላት አልፕን ስምንት ጊዜ ከግማሽ መውጣት ነው። ጋሼ ወዲያው መለሱለት። በቂ ጨው ሳታዘጋጅ እንዳትሞክረው፣ ደግሞም ብቻህን ቤት ውስጥ አትሁን አሉት። አልመለሰም፤ እያሰበበት ይመስለኛል።

የመጨረሻው ምላሽ እስካሁን 41 ነው፤ እሱም የጋሼ ነው። ሁለቱን ቬንትሌተር የት የት አስቀመጥካቸው ብለው ጠየቁኝ። ሁለቱም ከፊት ናቸው፣ ወደ ፊቴ ያተኮሩ፣ አልኳቸው። ፊት በቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ሰውም የተመቸው ይመስለዋል። ሙቀቱ የሚታመቀው ግን ደረትና ጀርባ ላይ ነው። አንዱን ዝቅ አድርገህ ደረትህ ላይ፣ ሌላውን ከኋላ በጎን በኩል ጀርባህ ላይ አድርገው አሉኝ። ዛሬ ማታ ቦታቸውን ቀይሬያለሁ። ቅዳሜ ጠዋት እወጣለሁ፤ ቁጥሩን በ42 እጽፈዋለሁ።